በቀበሮዋ ስም ስለተፈወሰው ጉበቴ

ለተከበሩ የዱር እንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
በያሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ የተሟላ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ያልቀነሰ፣ በተለይም ጉበትዎ በመልካም ሁኔታ ላይ የሚገኝ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ጉበትን ያነሣሁት ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ሬዲዮ ስሰማ፣ «ቁጥር አሥራ ሰባት የተባለችው ቀበሮ በጉበቷ ላይ ከታየው ጡጫ የሚያህል ውሃ የቋጠረ ከረጢት በጽሕፈት ቤታችን መድኃኒት ሙሉ በሙሉ ተፈውሳለች» የሚለው መግለጫዎ ተነበበ። የመኪናው መርፌ ጣቴን ወጋኝ። በደስታ ነው እንዳልልዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ጉበቱ የኔ ነው።

ነገሩ እንዳይምታታብዎ ከራሴ ልጀምር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ በእርስዎ መሥሪያ ቤት የቀበሮ ዱካ ተከታታይ ሆኖ ሲሠራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ሥራው፣ እርስዎ ከኔ በላይ እንደሚያውቁት፣ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ አንድ ደቃቅ ትል በቀበሮዎችና በተኩላዎች መካከል ምን ያህል እንደተዛመተ ለማወቅ፣ በየጉድጓዳቸው እየተሳበ ዓይነ ምድራቸውን በትንንሽ ከረጢት መሰብሰብ ነው። እሱ ሥራ ሲጀምር ከአሥር ቀበሮ አንዷ ነበረች ትሉ የሚገኝባት፤ ዘንድሮ ከሦስት አንዷ ሆናለች። ትሉ ቀበሮን አያሳምማትም። ሺህ ተሸክማ ትሮጣለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። እንቁላሉን ግን ከዓይነ ምድሯ ጋር ትጥለዋለች፤ ያንን ሳያውቅ የዋጠ ሰው ደግሞ ጉበቱ ውስጥ ዓመታት የሚፈጅ የውሃ ከረጢት ያበቅላል። በአጭሩ ትሉ የሷ፣ ሕመሙ የኔ ሆኖ ተከፋፍለናል። ስለዚህም የሚከተሉትን ቅሬታዎች፣ ቅሬታ ማለት ስለከበደኝ ምስጋናዎች፣ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቅናቴን በሚመለከት። «ይህቺ ቀናተኛ ሴት ናት» ብለው ደብዳቤዬን ወደ ጎን እንዳያደርጉት ቀድሜ ራሴ ልመን። አዎ፣ ቀናተኛ ነኝ። ጣውንት የለብኝም ብዬ ተዝናንቼ ስኖር፣ ጣውንቴ በአራት እግሯ መጣችብኝ። እርስዎ ቁጥር አሥራ ሰባት የሚሏትን ባለቤቴ «ዓይናማ» ይላታል። እኔን በትዳር ዘመናችን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ዓይናማ ብሎኝ አያውቅም፤ «አንቺ» ነው የሚለኝ፣ ያውም ደስ ሲለው። ስልኩ ላይ የሷ ፎቶ አራት መቶ አሥራ ሁለት አለ። የኔ ሁለት ነው፤ በአንደኛው ላይ የታየሁትም የናሙና ከረጢት በእጄ ይዤ ስለነበርና መነሣት የነበረበት ከረጢቱ ስለሆነ ነው። ማታ ገብቶ እጁን ሳይታጠብ «ዛሬ ከፍቷታል፣ ከጉድጓዷ ራቅ ብላ ብቻዋን ተኝታ አየኋት» እያለ ይተክዝላታል። እኔ «ጎኔን ያመኛል» ስለው «ስፌት ነው፣ ቀና ብለሽ ተቀመጪ» ይለኛል። በዚህ ላይ እርስዎ ጨመሩበት። በየወሩ ክብደቷ ይመዘናል፣ ጥርሷ ይታያል፣ ደሟ ይመረመራል፤ ስትወልድማ የጽሕፈት ቤቱ መኪና ለአራት ቀን ከጉድጓዷ አጠገብ ቆሞ ነበር። እኔ የወለድኩ ጊዜ ባለቤቴ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ ግማሽ ቀን የተፈቀደለትን እያስታወስኩ፣ ለአራስ ጣውንቴ የተደረገላትን ክብካቤ በአድናቆት ተከታትያለሁ። ዓይኔ ደም መስሎ ማለቴ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍሪዘራችንን በሚመለከት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት «ማቀዝቀዣ እስኪገዛ ድረስ ናሙናዎች ለጊዜው በሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይቆዩ» የሚል ሰርኩላር መላክዎን ያስታውሱ ይሆናል። ማቀዝቀዣው በኋላ ተገዛ፤ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ በሩ የሚያብረቀርቅ ነው ይላሉ ያዩት። ነገር ግን የትሉ መድኃኒት ተደርጎባቸው ቀበሮዎቹ እንዲበሏቸው በጫካ የሚበተኑት የሥጋ ኳሶች እንዳይበላሹ በነሱ ስለተሞላ፣ «ለጊዜው» የተባለው ጊዜ እስከ ዛሬ አላለቀም። የቀበሮዋ ሥጋ በእርስዎ ቤት፣ የቀበሮዋ ዓይነ ምድር በኔ ቤት፣ ከበረዷችን ጎን። የቤት ፍሪዘር ያንን እንቁላል እንደማይገድለው ያወቅሁት ገና ዘንድሮ ነው። ደግሞ ቱታው አለ። ባለቤቴ ወደ ጉድጓድ ሲሳብ ጉልበቱ ሁልጊዜ ይቀደዳል፤ ሁለተኛ ቱታ ስላልተሰጠው ታጥቦ እስኪደርቅ መጠበቅ አይቻልም፣ እንደመጣ ከነአፈሩ ጨርቅ እጥፍበታለሁ። ስጨርስም ክሩን በጥርሴ እበጥሳለሁ። መቀስ ከማንሣት ጥርሴ ይፈጥንልኛል፤ ልጅ ሆኜ ከመርፌ ጋር የተማርኩት የእጅ፣ ይቅርታ፣ የአፍ ልማድ ነው። ይህን የመሰለ ነገር አታድርጉ የሚል የጥንቃቄ መጽሐፍ ታትሞ እንደነበር አልክድም። ባለቤቴ በቢሮዎ የመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ሽፋኑን አይቶታል፤ ቆንጆ ሽፋን ነው ብሎኛል።

ሦስተኛ፣ ከከተማው ዳር ያለው የእርድ ትርፍራፊ መጣያ አሁንም አጥር የለውም። በሽታ ያለበት ሳምባና ጉበት እዚያ ይጣላል፣ ቀበሮዎቹ መጥተው ይበላሉ፣ ትሉ ይራባል፣ ከዚያ ለትሉ መድኃኒት ጫካ ውስጥ ይበተናል። ማንም ሥራ እንዳይፈታ ስላሰቡ እናመሰግናለን።

አራተኛ፣ ስለተመረመርኩበት ሁኔታ። ጎኔ ከስፌት በላይ መሆኑ ሲገባኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ፤ ሆስፒታሉ ከአምስት ወር በኋላ ቀጠረኝ። ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የተጣፈውን ቱታ ለባለቤቴ ላደርስ ቢሮዎ ደረጃ ላይ ስደርስ ጎኔ ቀስፎ ያዘኝና ግድግዳ ተደገፍኩ። የእንስሳት ሐኪማችሁ፣ ወጣቷ፣ አየችኝ። «እትዬ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም፤ እስቲ አንዴ ይግቡ» ብላ ክንዴን ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሏ አስገባችኝ። የቀበሮ ጠረጴዛ አጭር ስለሆነ እግሬ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለዓይናማ ብርድ ልብስ እንደሚነጠፍ፣ የሚቀባውም ነገር እንደሚሞቅላት ከባለቤቴ ሰምቼ ነበር፤ ለኔ ቀዝቃዛ ነበር፣ ብቻ ይሁን። ልጅቷ መሣሪያውን ጎኔ ላይ ወዲያ ወዲህ ስታደርግ ቆየችና ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። «እትዬ፣ ይህቺን ኳስ ያዩዋታል?» አለችኝ። አየኋት። ጡጫዬን ታህላለች፤ ጠርዟ ልቅም ያለ ነው፣ በመኪና የተሰፋ ይመስላል።

እዚህ ላይ የጽሕፈት ቤትዎን አሠራር ማድነቅ አለብኝ። መሣሪያው የእንስሳ ቁጥር ካልተጻፈለት ምስል አያወጣም። ልጅቷ በዕለቱ ይመጣሉ ከተባሉት ተመርማሪዎች ዝርዝር ላይ መጀመሪያ ያገኘችውን አሥራ ሰባትን ጻፈች፤ አንድ ወረቀት አትማልኝ ልትሰርዘው ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ምስሉ ሁሉ በራሱ ወደ ዋናው ቢሮ እንዲሄድ አስደርገውት ኖሯል። እሷ ሳትሰርዘው እርስዎ ዘንድ ደርሷል። እኔ ኪሴ የከተትኩት ወረቀት ላይ «ቀበሮ፣ ሴት፣ ዕድሜ አምስት፣ ክብደት ሰባት ኪሎ» ይላል። ዕድሜዬንና ክብደቴን እንዲህ ያሳነሰልኝ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

አምስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ስለታየው ቅልጥፍና። ለሰው አምስት ወር የሚጠበቅበት ነገር ለቀበሮ አንድ ቀን አልፈጀም። በማግስቱ ዘጠኝ ባለሙያዎች ተሰበሰቡ። ትሉ የሚኖረው በቀበሮ አንጀት እንጂ ጉበቷ ላይ ከረጢት ሲሠራ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ «በዓለም የመጀመሪያው» ተባለ። ምስሉ ባሕር ተሻግሮ ለሦስት ታላላቅ ሐኪሞች ተላከ። በአምስተኛው ቀን ሦስት ገጽ መልስ መጣ፤ ሦስቱም ፈርመውበታል። ከረጢቱ ትልቁን የደም ሥር ስለተጠጋ በመርፌ እንዳይነካ፣ አስቀድሞ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲጀመር፣ ቀዶ ጥገናውም ከየት በኩል ገብቶ እንዴት እንደሚደረግ ዘርዝረው፣ ከሦስት ወር እንዳያልፍ ሲሉ አሳስበዋል። ይህን የነገረችኝ ወጣቷ ሐኪም ናት፤ መሳቢያዎ ውስጥ ከመቆለፉ በፊት አንብባዋለች።

ባለሙያዎቹ የተሰበሰቡ ዕለት ባለቤቴ እንባ አቅርሮ ቤት ገባ። ራት ቀርቦለት አልነካም። «ዓይናማ ጉበቷ ላይ ጡጫ የሚያህል ነገር ተገኘባት፣ ላትተርፍ ትችላለች» አለኝ። እኔ ወረቀቱን ከዋዜማው ጀምሮ በሽርጤ ኪስ አጥፌ ይዤ፣ እንዴት ብዬ ልንገረው እያልኩ ስጨነቅ ውዬ ነበር። እንባው ሲወርድ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ቀንቼ አላውቅም፤ ለኔው ጉበት የሚፈስ እንባ ዓይኔ እያየ ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ! ወረቀቱን አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁለትና እንዴት እንደሆነ ነገርኩት። ቀኑን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። «እና እሷ ደህና ናት ማለት ነው?» አለ።  ሳህኑን አነሣሁና ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሱ እስከ አሁን ድረስ «ኃላፊው ያስተካክሉታል፣ ታገሺ» ከማለት ሌላ ያደረገው አልነበረም።

ስድስተኛ፣ ስለ ማስተካከያው። ወጣቷ ሐኪም በሳምንቱ ስሕተቷን በጽሑፍ አመለከተች፤ ጉበቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ጽፋለች። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ መልስ ሰጧት፦ «ባልተመዘገበ እንስሳ ላይ የመንግሥት መሣሪያ በመጠቀምሽ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ዛሬ መጋዘን ውስጥ የሥጋ ኳስ እያስረከበች ነው። ያልተመዘገብኩ መሆኔ እውነት ነው፤ እንስሳ የሚለውን ግን ባለቤቴ እንኳ አላለኝም። ቀጥሎ ዓይናማ ተይዛ እንደገና ተመረመረች፤ ጉበቷ እንደ መስተዋት ጠርቶ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲያይ ሐኪሟን አስጠርቶ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። እርስዎ ግን «በዓለም የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል አንዴ በአደባባይ ስላወጡት መመለሱ ከበደዎትና፣ ከረጢቱ በሥጋ ኳሶቹ መድኃኒት ጠፋ ብለው አወጁ። አሁን በዓለም የመጀመሪያው በሽታ ብቻ ሳይሆን በዓለም የመጀመሪያው ፈውስም የኛ ሆኗል። እኔም ዳንኩ። የቀረው ነገር ቢኖር ይህንን ለጉበቴ ማስታወቅ ብቻ ነው፤ እሱ ሬዲዮ አይሰማም መሰለኝ፣ ማበጡን አልተወም።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ስለ መዝገብ ቤት። ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ የሄድኩበት የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም ወረቀቴን መጀመሪያ ሲያይ «ሰባት ኪሎ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ራሱ መሣሪያውን አስጠግቶ አየኝና ሳቁን አቆመ። «እህቴ፣ ቦታው አስቸጋሪ ነው» አለኝ። «የነዚያን ሐኪሞች ጽሑፍ በፊርማቸው ካመጣሽልኝ በሚቀጥለው ሳምንት ከፊት አስገባሻለሁ፤ ያለዚያ ተራሽ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው።» እኔም ጽሑፉን ለመጠየቅ መዝገብ ቤትዎ ደጅ መጥናት ጀመርኩ። ሠራተኛው ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ሰጥቶኛል። «እትዬ፣ የእንስሳ ማኅደር ለሦስተኛ ወገን አይሰጥም» አለኝ። ጉበቱ የኔ መሆኑን አስረዳሁት። «ይገባኛል እትዬ፣ ግን ማኅደሩ የሷ ነው፤ የባለ ማኅደሯን ስምምነት ያምጡ» አለኝ። ቀበሮ በምን ትፈርማለች ብዬ ስጠይቀው አላሾፈብኝም፤ ጥቂት አስቦ «በአሻራም ይቻላል» አለ። ከልቡ ነበር። ስድስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ለእርስዎም ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ለሦስቱም ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ ይህንን አራተኛውን በአደባባይ ለማድረግ ተገድጃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ሳላሽሞነሙን ልበል። ፈርቻለሁ። የስፌት መኪናውን ፔዳል በቀኝ እግሬ ስረግጥ ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮኝ ይነሣል፣ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጨርቁ ላይ እንደተደፋሁ የምቀር ይመስለኛል። ሐኪሞቹ ከሰጡት ሦስት ወር ሁለቱ አልፈዋል። ሦስት የማላውቃቸው ታላላቅ ሰዎች ተቀምጠው ስለኔ ጉበት አስበዋል፣ ስለኔ ተጨንቀዋል፣ እንዴት እንደምድን ጽፈዋል። በዕድሜዬ ማንም ይህን ያህል ስለኔ ጽፎ አያውቅም። ያንን አንብቤ እንኳ የማላውቀውን ሦስት ገጽ ጣውንቴ ወስዳዋለች፤ እሷ ማንበብ አትችልም፣ አያስፈልጋትምም። ወንዱን ውሰጂ፣ ፎቶውን ውሰጂ፣ ብርድ ልብሱን ውሰጂ ብያለሁ። ጉበቴን ግን አልሰጣትም።

ስለሆነም ሦስቱ ገጾች ግልባጫቸው እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የተነገረውን መመለስ ለክብርዎ የሚከብድ ከሆነም መፍትሔ አስቤልዎታለሁ፦ እኔን በቁጥር አሥራ ሰባት ይመዝግቡኝ። አንገቴ ላይ የሚታሰረውን መከታተያ በደስታ አጠልቃለሁ፣ በየወሩ ለመመዘን እመጣለሁ፣ አልናከስም። ወጣቷን ሐኪም ወደ ክፍሏ ይመልሷት፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ሰው መታመሙን አይታ የቆመች እሷ ብቻ ናት።

ለዘጠኝ ዓመት ስለተሰጠን እንቁላልም ትልም፣ ለበረዶአችን ስለተሰጠው ጎረቤት፣ ሳልታከምም ስለ መዳኔ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ጤና ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለሥጋ ኳሶችዎ እመኛለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
በጤናዎ የምትቀና፣
በሰው መዝገብ ዕድሜ አርባ አንድ፣ ክብደት ስልሳ ሁለት ኪሎ፣
በእርስዎ መዝገብ ዕድሜ አምስት፣ ክብደት ሰባት፣
ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ
ይመለከተኛል ብሎ ለማያውቀውም ሁሉ
ለቁጥር አሥራ ሰባት፣ በጉድጓዷ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ወጣ፤ ሲመለስ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝና ቱታውን አጣጥፎ ከአጠገቡ አስቀመጠ። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። የዓይናማ አንገት ላይ ያለው መከታተያ የዚያን ሰኞ ጠዋት፣ የኔ ምስል በተነሣበት ሰዓት፣ እሷ ከጽሕፈት ቤትዎ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቃ ሸለቆ ውስጥ እንደነበረች ያሳያል። የመከታተያውን መዝገብ በእጁ ገልብጦ ከታች በሙሉ ስሙ ፈርሞበታል፤ «ጉበቱ የባለቤቴ ነው» የሚል አንድ መስመርም ጨምሯል። ይህን አይተው እንደሚያባርሩት፣ እሷንም ዳግመኛ እንደማያይ አሳምሮ ያውቃል። በእርስዎ ፊት ለማፈር ጊዜ የለኝምና እውነቱን ልንገርዎ፤ ደስ አለኝ። ጣውንቴን አሸንፌያታለሁ። ድሌን የማጣጥምበት ዕድሜ ብቻ ነው የጎደለኝ፤ እሱም ሦስት ገጽ ሆኖ መሳቢያዎ ውስጥ ተቆልፎበታል።